መስከረም ድንገት አይመጣም

ቤታችሁን በየዓመቱ የሚያናጋው ወጪ የትኛው ነው? ይህ ጥያቄ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ሕመም፣ ሐዘን ወይም ከሥራ መፈናቀል ነው። እነዚህ በእርግጥ ከባድ ናቸው። ይሁን እንጂ ያለፉትን ሦስት ዓመታት መለስ ብላችሁ ብትቃኙ፣ ብድር የጠየቃችሁባቸው፣ ዕቁብ መክፈል ያቃታችሁና ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር በገንዘብ ምክንያት የተኳረፋችሁባቸው ወራት አብዛኛውን ጊዜ ያው አንድ ዓይነት ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ነሐሴና መስከረም፣ የገና ዋዜማ፣ የፋሲካ ሰሞን።

እነዚህ ወራት ደግሞ ድንገተኛ እንግዶች አይደሉም። ቀናቸው በግድግዳችን ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ታትሟል። ልጆቻችን መስከረም ላይ ትምህርት ቤት እንደሚገቡ ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ እናውቃለን። ታዲያ የምናውቀው ነገር በየዓመቱ ስለ ምን ያስደነግጠናል? መልሱ ቀላል ነው። በጀታችንን የምንሠራው፣ ያውም ከሠራን፣ ለወር እንጂ ለዓመት ስላልሆነ ነው።

አሥራ ሦስት ወር ኑሮ፣ አሥራ ሁለት ወር ደመወዝ

አገራችን የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ ባለቤት ናት እንላለን። ደመወዝተኛው ግን አሥራ ሁለት ጊዜ ብቻ ይከፈለዋል። በነሐሴ መጨረሻ የተቀበላችሁት ደመወዝ ጳጉሜንንም መስከረምንም ተሸክሞ 35 ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 36 ቀን መዝለቅ አለበት። በዚያው ደመወዝ ላይ የዓመቱ ትልልቅ ወጪዎች ይደረደሩበታል። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተርና ጫማ፣ የዘመን መለወጫ በዓል አሉ። ለመስቀል ወደ ቤተሰብ ለሚሄዱት ደግሞ የመንገድ ወጪና ባዶ እጅ ላለመግባት የሚያዘው ነገር ይጨመራል።

እንግዲህ በጣም ረጅሙን ወር በጣም ከባዱ ሸክም የሚጫንበት ከሆነ፣ መስከረም ላይ መበደራችን የእምነት ማነስ ወይም የገቢ ማነስ ብቻ አይደለም። ስሌቱን ቀድመን ስላልሠራነው ነው። በተቸገርን ጊዜ መበደር ያለ ነው። ከአሥራ ሁለት ወር በፊት ለምናውቀው ወጪ መበደር ግን አባቶች “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ያሉትን ይመስላል።

ዮሴፍ በግብፅ ያደረገውን አስታውሱ። የራቡ ዓመታት እንደሚመጡ ባወቀ ጊዜ በጥጋቡ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አስቀመጠ። መምጣቱን ያወቀው በመገለጥ ነበር። ለእኛ ግን መስከረም እንደሚመጣ ለማወቅ መገለጥ አያስፈልገንም፤ የቀን መቁጠሪያ ይበቃናል።

ዓመቱን ለአሥራ ሁለት ማካፈል

እስቲ ለምሳሌ ያህል ባልና ሚስት ተደምረው በወር 30,000 ብር የተጣራ ገቢ አላቸው እንበል። ሁለት ልጆች አሏቸው። በዓመት ውስጥ አልፎ አልፎ የሚመጡባቸውን ወጪዎች በአንድ ወረቀት ላይ ሲጽፉ የሚከተለውን አገኙ:-

ለልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር 12,000 ብር። ለዘመን መለወጫ፣ ለገናና ለፋሲካ ለእያንዳንዳቸው 8,000፣ በድምሩ 24,000 ብር። ለወላጆች እርዳታ፣ ለሠርግና ለወሊድ ጥየቃ 12,000 ብር። ለሕክምና 6,000 ብር። ለልብስና ለቤት ዕቃ ጥገና 6,000 ብር። ጠቅላላ ድምሩ 60,000 ብር ይሆናል።

ይህ ቁጥር በአንድ ጊዜ ሲታይ የሁለት ወር ደመወዝ ነውና ያስፈራል። ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ግን በወር 5,000 ብር ነው። ከገቢያቸው ስድስተኛው እጅ ማለት ነው፤ ዮሴፍ ካስቀመጠው ያነሰ ነው። እንግዲህ የዚህ ቤተሰብ የወር ወጪ የሚታቀደው በ30,000 ብር ሳይሆን፣ 3,000 ብር አስራትና 5,000 ብር የዓመት ቁጠባ ከተነሳ በኋላ በሚቀረው 22,000 ብር ነው። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ መብራትና ውሃ፣ ዕድር ሁሉም ከዚህ ይወጣል።

የእናንተ ቁጥር ከዚህ ሊያንስም ሊበዛም ይችላል። ዋናው ነገር አካሄዱ ነው። “ከወር ወጪ የተረፈውን እናስቀምጣለን” የሚል ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጠው አያገኝም። ቁጠባ ቀድሞ ይነሳል፤ ኑሮ በቀረው ይታቀዳል። አስራት የምታወጡ ሁሉ ደግሞ ይህን ልማድ አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ደመወዝ እጃችሁ እንደገባ፣ አስቤዛ ሳይገዛ፣ የተወሰነ እጅ ለይታችሁ ታስቀምጣላችሁ። ለቁጠባም የሚያስፈልገው ያው የለመዳችሁት ሥርዓት ነው።

5,000 ብር ከየት ይመጣል?

“አሁንስ ከእጅ ወደ አፍ ነው የምንኖረው፤ ከየት አምጥተን?” የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። ኪራይ መቀነስ በእጃችን ላይሆን ይችላል። በየቀኑ በትንንሹ የሚንጠባጠበውን ግን መድፈን ይቻላል።

ከጤፍ እንጀምር። አዲሱ እህል ወደ ገበያ በሚገባበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ረገብ ይላል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይወጣል። ጤፍ እንደ ሌላው እህል ነቀዝ በቀላሉ የማይደፍረው በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ኩንታል ለብቻችሁ መግዛት ቢያቅታችሁ ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ አንድ ኩንታል ገዝታችሁ ተካፈሉ። በየሳምንቱ በኪሎ እየገዙ ማስፈጨት በዓመት ስንት ብልጫ እንደሚያስከትል አንድ ጊዜ ደምራችሁ እዩት። በርበሬም እንዲሁ በደረሰበት ወቅት ገዝቶ ማዘጋጀት የተሻለ ነው።

ምጣዱንም አስቡት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይጎትታል፤ ከቤት ዕቃዎቻችን ሁሉ ከፍተኛ ኃይል ከሚፈልጉት አንዱ ነው። በየሁለት ቀኑ አምስት አምስት እንጀራ ለመጋገር ምጣዱን ደጋግሞ ከማሞቅ የሳምንቱን በአንድ ቀን መጋገር ይሻላል። የመብራት ታሪፍም በእርከን የተከፈለ ስለሆነ፣ ብዙ የተጠቀመ ሰው ለአንዷ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ጭምር ከፍ ይልበታል።

በአዲስ አበባ የምትኖሩ ደግሞ የእሁድ ገበያን ትተዉታላችሁ፤ ምክንያቱም ሰዓቱ የአምልኮ ሰዓት ነው። ከአምልኮ መልስ ጎራ ማለት ወይም ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ አንዱ ለሌላው እንዲገዛ ማድረግ ይቻላል። ሽንኩርትና ቲማቲም ሰፈር ካለው ሱቅ በትንሽ በትንሹ ሲገዙ ኪሎው በስንት እንደሚመጣ አስሉት። የሸማቾች ማኅበር አባል ከሆናችሁም ዘይትና ስኳር የመጣ ዕለት አትለፉት።

ከቤት ውጭ የሚወጣውም እንዲሁ ነው። በቀን አንድ ማኪያቶ የምትጠጡበት ቤት ዋጋው 60 ብር ቢሆን፣ በወር 26 የሥራ ቀን 1,560 ብር፣ በዓመት 18,720 ብር ይሆናል። ከላይ ባየነው ምሳሌ ይህ የልጆቹን የትምህርት ወጪ ከፍሎ ይተርፋል። ማኪያቶ ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ከትዳር ጓደኛ ጋር ተቀምጦ መጠጣት ግን በየቀኑ ለብቻ ቆሞ ከመጠጣት ይጣፍጣል። ምሳ ዕቃ መያዝም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

በዓሉንም ቢሆን አናስቀረውም፤ ልክ እናበጅለታለን። በግ ካልታረደ በዓል አይመስልም የሚለው ሐሳብ ብዙ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ ከትቷል። ከጎረቤት ጋር ቅርጫ መግባት ወይም በዶሮ ብቻ ማሳለፍ ልጆቻችንን አያሳዝናቸውም። በዓሉ ካለፈ በኋላ ለሁለት ወር የሚቆየው የወላጆች ጭቅጭቅ ግን ያሳዝናቸዋል።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

የተለየው ገንዘብ ከወር ወጪ ጋር በአንድ ሂሳብ ከተቀመጠ አይቆይም። ለብቻው ሌላ የባንክ ሂሳብ ክፈቱለት፤ የኤቲኤም ካርድ አታውጡለት፤ ከስልካችሁም ጋር አታገናኙት። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክና መክፈል እጅግ ቀሏል። ይሁን እንጂ እጃችን ብር ሳይቆጥር ሲያወጣ ልባችን አይሰማውም። በሌላ በኩል ስልኩ የከፈላችሁትን ሁሉ ስለሚመዘግብ፣ በወሩ መጨረሻ ዝርዝሩን ወደ ደብተራችሁ ለመገልበጥ ይጠቅማችኋል። በስልክ ወዲያው የሚገኘውን ብድር ግን የቁጠባ ምትክ አታድርጉት።

ዕቁብም ጥሩ መንገድ ነው። ወለድ አይከፍልም፤ ነገር ግን ሰው ራሱን ማስገደድ ሲያቅተው ወዳጆቹ ያስገድዱታል። ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ያለ ወለድ እንደተበደረ፣ መጨረሻ የደረሰው እንዳጠራቀመ ይቆጠራል። ትልቁ ቁም ነገር ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ተነጋግሮ መጻፍ ነው። አባላቱ ፈቃደኛ ከሆኑ ዕጣ ተለዋውጣችሁ የነሐሴውን ውሰዱ።

አንድ ነገር ግን ሳንሸሽግ መናገር አለብን። ብር ብቻ ማጠራቀም ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ይጎዳል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ተደርጎ ነበር። 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በ7 በመቶ በዓመት 700 ብር ያገኛል ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የሆነውን ሁላችንም አይተናል።

ታዲያ መቆጠብ ከንቱ ነው? አይደለም። የምንማረው ሌላ ነገር ነው። በዓመቱ ውስጥ እንደምትጠቀሙበት እርግጠኛ የሆናችሁበትን ነገር ረከስ ባለበት ወቅት በዕቃ መልክ ግዙ። ጤፉ ጥር ላይ፣ ደብተሩና የዩኒፎርሙ ጨርቅ ሰኔ ላይ ይገዛ። ለሕመምና ላልታሰበ ነገር የሚሆነውን ግን በብር አስቀምጡት። እርሱ እንዲወልድ ሳይሆን በተፈለገበት ሌሊት እንዲገኝ ነው የሚቀመጠው።

ደብተሩ ፊት ሁለታችሁም

ከዚህ በላይ ያልነው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ ባልና ሚስት አንዱ የሌላውን ኪስ ማወቃቸው ላይ። በብዙ ቤቶች ባል የደመወዝ ጭማሪውን አይናገርም፤ የአስቤዛ ብር ብቻ ቆጥሮ ይሰጣል። ሚስትም ከዚያው ላይ ቀንሳ ሰው ሳያይ ታስቀምጣለች። ሁለቱም ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ስለሚፈሩ ነው። ባል “ካወቀች ወጪው ይበዛል” ብሎ ይፈራል። ሚስት “ቢቸግረን ማን ይደርስልናል” ብላ ትፈራለች። በአንድ አልጋ የሚያድሩ ሁለት ሰዎች ለአንድ ቤት ሁለት በጀት ይይዛሉ።

ለዚህ መድኃኒቱ በወር አንድ ምሽት ነው። ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ደመወዝ በወጣ ሳምንት፣ ጸልያችሁ ደብተሩን ክፈቱ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ያለፈው ወር ገቢና ወጪ ይነበባል፤ የሚመጣው ወር ይታቀዳል። በዚያ ምሽት “አንተ ነህ”፣ “አንቺ ነሽ” መባባል አይፈቀድም። የተደበቀ ዕዳ ካለ በመጀመሪያው ምሽት ይነገር። የሰማው ወገንም ታግሶ ይስማ፤ በቁጣ ከተቀበለው ሁለተኛ አይነገረውም።

ብዙ ጊዜ ጠብ የሚያስነሳው የቤተሰብ እርዳታ ነው። “ለእናትህ ልከህ ለእናቴ ከለከልክ” የሚለው ቃል ስንቱን ቤት አናግቷል! ለሁለቱም ወገን የሚላከው መጠን በበጀቱ ውስጥ በቁጥር ይጻፍ። ከዚያ ያለፈ ጥያቄ ሲመጣ አንዱ ብቻውን እሺ ወይም እምቢ አይበል፤ “ተነጋግረን እንነግራችኋለን” ይበል። ወላጆችም ቢሆኑ በየወሩ የታወቀ ገንዘብ ሲደርሳቸው፣ በዓመት አንዴ በብድር ከሚላክ ብዙ ብር ይልቅ ያርፋሉ።

በዚህ ወር ምን ይደረግ?

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመር ላይቻል ይችላል። በአንዱ ጀምሩ። አሁን ጥር ነው እንበል። የጥርንና የነሐሴን ጨምሮ ከመስከረም በፊት ስምንት ደመወዝ አለ። ለልጆች ትምህርት የሚያስፈልገው 12,000 ብር ለስምንት ሲካፈል በወር 1,500 ብር ነው። ይህችን ብቻ ለዩ። በሚቀጥለው ዓመት ገናን ጨምሩበት፤ ከዚያ ፋሲካን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ውድ ባለትዳሮች፣ ዛሬ ማታ አንድ ደብተርና አንድ የቀን መቁጠሪያ አምጥታችሁ አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ። በመጪዎቹ አሥራ ሁለት ወራት እንደሚመጡ በእርግጠኝነት የምታውቋቸውን ወጪዎች በየቀናቸው ላይ ጻፉ። ድምሩ ያስደነግጣችሁ ይሆናል፤ ዛሬ መደንገጥ ግን ነሐሴ 30 ቀን ከመደንገጥ ይሻላል። ያን ማታ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር አይኖርም። ዛሬ ግን ከፊታችሁ ገና ብዙ ደመወዝ አለ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።