የኩሬ ዓሣ ልብ እንዳይደክም

በጋምቤላ ክልል የጎግ ወረዳ ነዋሪ ኑሮው ከውሃ ጋር የተሳሰረ ነው። በጊሎ ወንዝና በታታ ሐይቅ አካባቢ የሚኖረው የአኙዋ ሕዝብ በቆሎና ማሽላ ከማምረቱ ጎን ለጎን ዓሣ ያጠምዳል። ይሁንና ዓሣን ከወንዝ ማጥመድና በኩሬ ማርባት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የወንዝ ዓሣ የሚስማማውን ውሃ ፍለጋ ይሄዳል፤ የኩሬ ዓሣ ግን ውሃውንም ምግቡንም ከባለቤቱ እጅ ይጠብቃል። አያያዙ ሲጓደል ከሚጎዱት የሰውነት ክፍሎች አንዱ ልብ ነው።

የዓሣ ልብ ደሙን በቅድሚያ የሚገፋው ወደ መተንፈሻው፣ ማለትም ወደ ስንጥቡ ነው። ደሙ በዚያ ኦክስጅን ወስዶ መላ ሰውነትን ካዳረሰ በኋላ፣ ኦክስጅኑ ተመናምኖ ወደ ልብ ይመለሳል። የብዙ ዓሦች ልብ የሚተዳደረው በዚሁ ትራፊ ነው። ሳልሞንና በባሌ ቀዝቃዛ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት ግን ከስንጥብ በቀጥታ ንጹሕ ደም የሚያመጣ የልብ ደም ሥር አላቸው።

በእነዚህ ዓሦች ላይ የደም ሥሩ ውስጠኛ ግድግዳ እየወፈረ የደሙን መንገድ ያጠባል። ሕመሙ በዱር ሳልሞንም ይታያል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1992 የካናዳ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ጉዳቱ የበዛው ፈጥነው ባደጉት ሳልሞኖች ላይ ሆኖ ተገኝቷል። በእርባታ ያደጉት ዓሦች ልብም ሾጣጣ መሆኑ ቀርቶ ወደ ክብነት ያደላል። እንዲህ ያለው ዓሣ የሰባና ጤነኛ ቢመስልም፣ በሙቀት ወይም በማጓጓዝ ሲጨነቅ በድንገት ሊሞት ይችላል።

ይህ ለጎግ ምን ትምህርት ይሰጣል? ለቆላ ኩሬ የሚመረጠው ቆሮሶ እንደ ሳልሞን አይታመምም፤ ነገር ግን ልቡ ኦክስጅን ሲያንሰው ይደክማል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ የሚይዘው ወደ 7.5 ሚሊግራም ይወርዳል። የተረፈ ምግብና የበዛ ፍግ ሲበሰብስ ይህንኑ ጥቂት ኦክስጅን ይሻማል። ጉድለቱ የሚከፋው ሌሊቱን አልፎ ንጋት ላይ ነው። አምባዛ ከአየር ስለሚተነፍስ ይቋቋመዋል፤ ቆሮሶ ግን አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ያለከልካል።

ስለሆነም ኩሬ ለመቆፈር የሚያስብ ገበሬ የሚከተሉትን ማስታወስ ይገባዋል፦

አንደኛ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ከ2 ጫጩት በላይ አለመጨመር።

ሁለተኛ፣ ፉርሽካም ሆነ ፋጉሎ ፀሐይ ከወጣች በኋላ በጥቂት በጥቂቱ መስጠትና ዓሦቹ መብላት ሲያቆሙ ማቆም።

ሦስተኛ፣ ክንድን በውሃው ውስጥ ቀስ እያሉ መስደድ። ውሃው ክርን ሳይደርስ መዳፍ ከዓይን ከተሰወረ አረንጓዴነቱ በዝቷልና ፍግ መጨመር ይቁም።

አራተኛ፣ ዓሦቹ ንጋት ላይ ሲያለከልኩ ምግብ ከልክሎ ንጹሕ ውሃ ማስገባት።

ዓሣን ቶሎ ለማወፈር መሯሯጥ የወራት ድካምን በአንድ ሌሊት ሊያሳጣ ይችላል። የሚያተርፈው በልክ አብልቶ፣ ውሃውን ጠብቆ ያሳደገ ነው።