የመንደር ትምህርት ቤት ስለ ማቋቋምና ስለ ማጽናት

በኢትዮጵያ ልጅን ፊደል የማስቈጠር ሥራ ከጥንት ጀምሮ በደብሩ ጥላ ሥር ሲፈጸም ኖሯል። የቆሎ ተማሪውንም ያኖረው በየደጁ የሚሰጠው ቍራሽ ነበርና፥ ትምህርትን በራስ እጅ መደገፍ ለገጠሩ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በኋላም የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚውል ግብር በመሬት ላይ በአዋጅ ተደነገገ። ያ ግብር ከዘመኑ የመሬት ሥሪት ጋራ አልፏል። ዛሬ መንግሥት የመምህሩን ደመወዝ ሲከፍል፥ የግድግዳው፣ የአጥሩና የውሃው ነገር በብዙ ስፍራ በሕዝቡ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ቦታ በሚመረጥበት ጊዜ ሰው ሁሉ ትምህርት ቤቱ በደጁ እንዲሆንለት ይሻል። የሚሻለው ግን የሰባት ዓመት ልጅ ወንዝ ሳይሻገር የሚደርስበት ስፍራ ነው። በበጋ ቁርጭምጭሚት የማይሞላ ወንዝ በክረምት ልጅ ይወስዳል፤ ትምህርትም የሚጀመረው በመስከረም፥ ወንዙ ገና ሳይጐድል ነው። ስለዚህ ቦታው በክረምት ሳይታይ መሠረት መቈፈር አይገባም።

ቤቱ ከባሕር ዛፍ፣ ከጭቃና ከጭድ የሚሠራ እንደ ሆነ ጠላቶቹ ምስጥና ዝናብ ናቸው። በአፈር የተቀበረ እንጨት ለምስጥ ቀለብ ነውና፥ ምሰሶው በድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም። የቆርቆሮውም ጠርዝ ጭቃው እንዳይታጠብ ከግድግዳው አልፎ ይውጣ። ክረምቱ በወጣ ቍጥር የተሰነጠቀው ይመረግ። በደቦው ቀን ጠላም ዘፈንም አለና ሁሉ ይመጣል፤ በምርጊቱ ቀን ግን የሚመጣው ጥቂት ነው። ቤቱ የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ስለሆነ፥ የምርጊቱ ተራ በየጎጡ አስቀድሞ ተደልድሎ በጽሑፍ ሊያዝ ያስፈልጋል።

ስለ ገንዘቡ ዕድር ጥሩ አርአያ ነው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጡ። ሣጥኑ በሁለት ሰዎች እጅ የሚቀመጡ ሁለት ቁልፎች ይኑሩት፤ ሒሳቡም በሕዝብ ፊት ይነበብ። ሒሳብ ሳይነበብ ከቀረ ንጹሕ ሰው እንኳ ይታማልና፥ መዋጮው በዚያው ይቆማል። ሁልጊዜ ከመዋጮ ብቻ እንዳይጠበቅም በግቢው ዳር ባሕር ዛፍ ቢተከል መልካም ነው፤ ተቈርጦ እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ነገር ግን ውሃ ጠጪ ዛፍ ስለሆነ ከምንጭና ከማሳ ይራቅ።

እህል በሚሰበሰብበት በኅዳርና በታኅሣሥ ቀሪ ልጅ ይበዛል። አባትን በቅጣት ከማስፈራራት፥ መምህሩና ወላጆች በመስከረም ተቀምጠው ልጆቹ ጧት ተምረው ከሰዓት በኋላ በሥራ የሚረዱበትን ሰዓት ቢወስኑ ይበልጣል። ለሴቶች ልጆች በር ያለው የተለየ መፀዳጃ ደግሞ ከቤቱ ጋራ አብሮ ይሠራ እንጂ ለሚመጣው ዓመት አይቈይ። ይህ ሲጓደል ያደገች ልጅ በየወሩ ጥቂት ቀን መቅረት ትጀምራለች፤ መቅረቷም ልማድ ይሆንና አንድ ቀን ደብተሯን ይዛ መምጣቷ ይቀራል።