የቅርብ አለቃና የሠራተኛ አስተዳደር፦ የማን ድርሻ የቱ ነው?



በካኩማ ካምፕ በመምህርነት፣ በጤና ረዳትነት፣ በጥበቃ፣ በአስተርጓሚነትና በሌሎችም ሥራዎች ተሰማርተን በኢንሴንቲቭ የምንተዳደር ብዙዎች ነን። ሁላችንም ጉዳያችንን የምናቀርብበት ሁለት በር አለን። አንደኛው በየዕለቱ ሥራችንን የሚመራው የቅርብ አለቃ ነው፤ ለመምህር ርዕሰ መምህሩ፣ ለጤና ረዳት የክሊኒኩ ኃላፊ ማለት ነው። ሁለተኛው ቅጥርን፣ ውልን፣ ክፍያንና ፈቃድን የሚመለከተው የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ነው። የሁለቱ ድርሻ ተለይቶ ሳይታወቅ ሲቀር የሚጎዳው መሐል ላይ የቆመው ሠራተኛ ነው።

አንድ ምሳሌ እናንሳ። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የሥራ ባልደረባችን በወባ ታሞ ስድስት ቀን ተኛ። ለርዕሰ መምህሩ በዕለቱ ሰው ልኮ አስታውቆ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ግን የስድስት ቀን ክፍያ ተቆርጦበት አገኘው። ወደ ቢሮ ቢሄድ «በመቆጣጠሪያው ላይ ቀሪ ተብለሃል፤ አለቃህን ጠይቅ» አሉት። ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢመለስ «ክፍያ የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ ቢሮ ጠይቅ» ተባለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተመላልሶ በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠና ሥራውን ተወ። ተማሪዎቹም ከሌላ ክፍል ጋር ተደረቡ። ቢሮውም ሆነ ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ችግሩ የሕመሙን መረጃ ማን ለማን ማስተላለፍ እንዳለበት አስቀድሞ አለመወሰኑ ነበር።

ክፍፍሉ ለምን አስፈለገ?

በ19ኛው መቶ ዘመን በብዙ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ፎርማኑ ራሱ ይቀጥር፣ ራሱ ደመወዝ ይወስን፣ ራሱም ያባርር ነበር። ስለዚህ ዘመድና ወዳጅ ሲጠቀም ሌላው ይበደል ነበር። በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ የሚገኘው ናሽናል ካሽ ሬጂስተር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1901 ከሠራተኞቹ ጋር ከባድ ግጭት ውስጥ ከገባ በኋላ፣ የሠራተኛን አቤቱታና ስንብት የሚመለከት ራሱን የቻለ ክፍል አቋቋመ። ይህም ከመጀመሪያዎቹ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ዓላማው ግልጽ ነው፤ አንድ አለቃ የሰውን እንጀራ ብቻውን እንዳይቆርጥ ነው።

ድርሻቸው እንዴት ይለያል?

1. ቅጥር። ምን ዓይነት ሰው እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው የቅርብ አለቃ ነው። ማስታወቂያ ማውጣት፣ ማመልከቻ መቀበልና ውድድሩ ለሁሉም እኩል እንዲሆን መጠበቅ የአስተዳደር ክፍል ሥራ ነው። ፈተናውንና ቃለ መጠይቁን ግን አብረው ቢሠሩት ይመረጣል።

2. መገኘትና ፈቃድ። አለቃው በየቀኑ ማን እንደመጣና ማን እንደታመመ ይመዘግባል፤ መዝገቡንም በወቅቱ ለቢሮ ያስተላልፋል። ቢሮው ክፍያውን ያሰላል፤ ለተቆረጠ ገንዘብ ምክንያቱን ለሠራተኛው ያስረዳል። «ሂድና ጠይቅ» ከማለት ይልቅ ራሱ አለቃውን መጠየቅ ይኖርበታል።

3. የሥራ ግምገማ። ሥራውን በዓይኑ ያየው አለቃ ስለሆነ መገምገምና መምከር የእርሱ ነው። ቢሮው ቅጹን ያዘጋጃል፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት መለኪያ መሆኑን ይከታተላል፣ ፋይሉንም በምሥጢር ይጠብቃል።

4. ጥፋትና ስንብት። አለቃው መምከርና ማስጠንቀቅ ይችላል፤ ብቻውን ማባረር ግን አይገባውም። የኬንያ የቅጥር ሕግ (እ.ኤ.አ. 2007) በአንቀጽ 41 አሠሪው ሠራተኛን በጥፋት ከማሰናበቱ በፊት ምክንያቱን ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ እንዲያስረዳ፣ ሠራተኛውም የመረጠው የሥራ ባልደረባ ባለበት መልሱ እንዲሰማ ያዛል። ይህ ሥርዓት መጠበቁን መቆጣጠር የአስተዳደር ክፍል ኃላፊነት ነው።

5. የሠራተኛ ቅነሳ። እ.ኤ.አ. በ2025 የእርዳታ ገንዘብ በመቀነሱ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኛ ቀንሰዋል። ያው ሕግ በአንቀጽ 40 በቅነሳ ጊዜ የአገልግሎት ዘመን፣ ችሎታና ታማኝነት እንዲታይ ይጠይቃል። አለቃው ስለ ሥራው ይመሰክራል፤ ቢሮው ደግሞ መመዘኛው ለሁሉም እኩል መዋሉን ያረጋግጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ድርጅቶች የኢንሴንቲቭ ሥራን ብዙውን ጊዜ ከመደበኛ ቅጥር ለይተው ያዩታል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ከመፈረማችን በፊት በውላችን ላይ የተጻፈውን ማንበብ፣ ካልገባንም ማስተርጎም አለብን። ሰውን ሳይሰሙ አለማባረር ግን ውሉ ምንም ዓይነት ቢሆን የፍትሕ መጀመሪያ ነው።

አለቃው ራሱ በዳይ ቢሆንስ?

እንዲህ ያለው ጉዳይ በአለቃው በኩል ማለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ መመሪያ ሥራን፣ ገንዘብን ወይም እርዳታን በወሲብ መለወጥን በግልጽ ይከለክላል። እንዲህ ያለ ጥያቄ የቀረበለት ሰው በቀጥታ ወደ አስተዳደር ክፍል ወይም ድርጅቱ ለአቤቱታ ወዳዘጋጀው ሌላ መንገድ መሄድ ይችላል። አለቃን ዘለልክ ተብሎ ሊወቀስም አይገባም።

እኛስ ምን እናድርግ?

ስንታመም ከክሊኒክ ወረቀት እንቀበል፤ አንዱን ለአለቃ ሰጥተን ግልባጩን ቤታችን እናስቀምጥ። ያመለከትንበትን ቀንና የተቀበለንን ሰው እንጻፍ። በክፍያ ዝርዝር ላይ ከመፈረማችን በፊት የቀኑን ቁጥር እንይ። ጥያቄያችንን በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ እናቅርብ፤ መልስ የሚሰጠን ማን እንደሆነና እስከ መቼ እንደሆነ እንጠይቅ። አለቆቻችንም በየተርሙ መጀመሪያ ከአስተዳደር ክፍል ጋር ተቀምጠው ይህን ድርሻ በአንድ ገጽ ጽፈው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉት ብዙ ምልልስ ይቀራል።

ያ ባልደረባችን አንድ ወረቀት ኖሮት ቢሆን፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ «ይህ የእኔ ነው» ብሎለት ቢሆን፣ ዛሬም ከተማሪዎቹ ጋር ይሆን ነበር። አባቶቻችን «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላሉ። ለመናገር ግን ዳኛው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።