የስልክ ዳታችን የት ይገባል?

እህታችን ከጅዳ በኢሞ ደውላ ነበር። እናታችን መልኳን አይታ ሳትጠግብ ምስሉ ደርቆ ቀረ፤ ድምፁም ጠፋ። ጠዋት የገዛነው ዳታ አልቆ ኖሯል። ወሩ መጨረሻ ላይ ስለነበርን በእጃችን የቀረው የዳቦ ብር ብቻ ነበር። እናታችን ምንም ሳትናገር ስልኩን መለሰችልን።

በማግሥቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። በየቀኑ የምንገዛው የ20 ብር ጥቅል ሲያዩት ትንሽ ነው፤ በ30 ቀን ግን 600 ብር ይሆናል። ይህ በአስተማሪ ደመወዝ ለሚተዳደር ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። የቀን ጥቅል ደግሞ ተጠቀሙበትም አልተጠቀሙበትም ጊዜው ሲያልፍ ይቃጠላል።

ስለዚህ ጥቅሎቹን ማነጻጸር ጀመርን። ዘዴው ዋጋውን ለሜጋባይቱ ማካፈል ነው፤ 1 ጊጋባይት 1024 ሜጋባይት ነው። የኢትዮ ቴሌኮምን ዝርዝር በ*999# አየን፤ በመስከረም 2015 ዓ.ል. በአዲስ አበባ አገልግሎት የጀመረውን የሳፋሪኮም ኢትዮጵያንም ጠየቅን። ሲም ከመቀየር በፊት ግን በቤታችንና በሥራ ቦታችን ኔትወርኩ መኖሩን፣ አዘውትረን የምንደውልላቸው ሰዎችም የየትኛው ደንበኛ እንደሆኑ ማየት ይገባል። እኛ ባለንበት ሲም ቆይተን የወር ጥቅል መረጥን።

ጥቅል መቀየር ብቻውን ግን አይበቃም። ጥፋቱን ሁሉ ቪዲዮ በሚያዘወትረው ታናሽ ወንድማችን ላይ ጥለን ነበር። የስልኩን ሴቲንግ ከፍተን እያንዳንዱ አፕ የበላውን ዳታ ስናይ ግን ቀዳሚው የእኛው ቴሌግራም ሆኖ ተገኘ! በየግሩፑ የሚላከውን ፎቶና ቪዲዮ ሳናዘው ሲያወርድ ከርሟል። ወንድማችንን ይቅርታ ጠየቅን።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ይህን ነው፦ በቴሌግራምና በዋትስአፕ በራሱ የሚያወርደውን ዘጋን። አፖች የሚታደሱት በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አደረግን። ቪዲዮ በከፍተኛ ጥራት በሰዓት ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊበላ ስለሚችል ጥራቱን ዝቅ አደረግን። የማንጠቀምበት ጊዜም ዳታውን እንዘጋለን፤ ጥቅሉ ሲያልቅ ከዋናው ሒሳብ እንዳይቆርጥብን ቀሪውን እናያለን።

በቀጣዩ ወር ወጪያችን ወደ 350 ብር ወረደ። ዋናው ትርፍ ግን ሌላ ነው፤ እህታችን ስትደውል እናታችን እስኪበቃት ታወራታለች።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ዛሬ ማታ ከቤተሰባችሁ ጋር ስልኮቻችሁን ከፍታችሁ ተመልከቱ። ማንንም ከመውቀሳችሁ በፊት ግን ከራሳችሁ ስልክ ጀምሩ።