አነርን ፍለጋ፦ ባሌ ላይ ያነጋንባቸው ሦስት ጠዋቶች

«ሳፋሪ» ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን አንበሳ ነው። ክፍል ውስጥም ቢሆን «ትልልቆቹ አምስት» የሚባሉትን አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽና አውራሪስ እየደጋገምን ተምረናል። እኔ ግን ለጉብኝት ፓኬጅ ዝግጅት ኮርስ የያዝኩት ርዕስ ትንንሾቹን የዱር ድመቶች የሚመለከት ነበር። እውነቱን ለመናገር ወድጄ ሳይሆን ሌላው ርዕስ ተወስዶ ስላለቀ ነው። ከሦስት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ብር አዋጣንና በሴሚስተሩ እረፍት ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። ሐሳባችን አነርን አይተን «በሦስት ቀን አነርን የሚያሳይ ጉዞ» የሚል ፓኬጅ መጻፍ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ስሞቹ ጥቂት ልበል፤ መንገድ ላይ የተጨቃጨቅነውም በዚሁ ነውና። በአገራችን ከአንበሳ፣ ከነብርና ከአቦሸማኔ ሌላ ሦስት አነስ ያሉ የድመት ወገኖች አሉ። አንደኛው ደልጋ አንበሳ ነው። መልኩ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ፣ የጆሮው ጫፍ ላይ ረዘም ያለ ጥቁር ፀጉር ያለው፣ ደረቅ ቁጥቋጦ የሚወድ እንስሳ ነው። ካራካል የሚለው የፈረንጅ ስሙም የመጣው ከቱርክኛ ሲሆን «ጥቁር ጆሮ» ማለት ነው። ሁለተኛው የዱር ድመት ነው። ሦስተኛው አነር፣ በሌላ ስሙ ሰርቫል ነው። ሸለምጥማጥና ጥርኝ ግን መልካቸው ቢያሳስትም ከድመት ቤተሰብ አይደሉም። ይህን ያላመነ አንድ ጓደኛችን ሻሸመኔ ላይ ተወራርዶ የአራታችንንም ምሳ ከፍሏል።

ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ዲንሾ፣ ማለትም የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ከተማ፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ብርዱን አልነግራችሁም፤ ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት ገና ሳይነጋ አስጎብኚያችን ጋይሳይ ወደሚባለው የሣር ሜዳ ወሰዱን። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ትንሽ ተናግረው ብዙ የሚያዩ ሰው ናቸው። ሹፌሩ ወዲያና ወዲህ እየነዳ ሊያፈላልግልን ሲል «ሞተሩን አጥፋ» አሉት። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ቦታ ተቀመጥን። የደጋ አጋዘን፣ ቦሆርና ከርከሮ አየን። አነር የለም። እኛ ከመሰላቸታችን የተነሳ ስልካችንን መነካካት ስንጀምር «ልጆች፣ እሱ በጆሮው ነው የሚያድነው። እናንተ ስታወሩ አይጡም ይገባል፣ እሱም ይሄዳል» አሉን።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አነር ከአካሉ አንጻር ሲታይ ከድመት ወገን ሁሉ እግረ ረጅም ነው። ረጅም እግሩ በዋናነት ለሩጫ አይደለም፤ ከሣሩ በላይ ሆኖ እንዲያይና እንዲያዳምጥ፣ ከዚያም እንዲዘል ነው። ትልልቅ ጆሮዎቹ ሣር ውስጥ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ያለች አይጥ ስትንቀሳቀስ ይሰማሉ። ድምፁን ከለየ በኋላ ወደ ላይ ተወርውሮ በሁለቱ የፊት እግሮቹ ላይዋ ላይ ያርፋል። በታንዛኒያ ንጎሮንጎሮ በተደረገ ጥናት ከዝላዮቹ ግማሽ ያህሉ ተሳክተው ተገኝተዋል። ለአዳኝ እንስሳ ይህ ትልቅ ውጤት ነው። እንግዲህ ነፋስ ሲበዛ ድምፅ ስለማይለይለት አደኑ ይበላሻል፣ መኪና ሲጮህም እንደዚያው። አንበሳን ለማሳየት የለመድነው «እየነዱ መፈለግ» ለአነር የማይሠራው ለዚህ ነው።

በሁለተኛው ጠዋት በጎባ በኩል ሰነቴ አምባ ላይ ወጣን። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ራስ ያዞራል። እዚያ ቀይ ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ ፍልፈል ስታደባ አየን። የሌሊቱ ቁር ከባድ ስለሆነ አይጦቹ የሚወጡት ቀን ነው፣ ቀበሮዋም የእነሱን ሰዓት ትከተላለች። አስጎብኚያችን አነርም በዚህ አገር ቀን ቀን የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው ብለው ነገሩን። ለፓኬጅ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ወሬ ነው፦ የሌሊት መብራት ይዞ መዞር አያስፈልግም ማለት ነው።

ማታ ወደ ዲንሾ ስንመለስ ግን ጉዳችን ፈላ። ከከተማው አጠገብ አንድ ግራጫ ነገር መንገዱን አቋረጠ። «አነር!» ብለን ጮኽን፣ ጓደኛዬም የእንስሳት ዝርዝራችን ላይ ምልክት አደረገ። አስጎብኚያችን ዞር ብለው «ጅራቱ አጭር ነው ረጅም?» አሉ። ረጅም ነበር። የአነር ጅራት ደግሞ አጭር ነው። ታዲያ የዱር ድመት ነው ወይስ የቤት? የዱር ድመት እግሩ ረዘም ይላል፣ የጆሮው ጀርባ ቀላ ይላል፤ እኛ ግን ይህን ለማየት ጊዜ አላገኘንም። ሁለቱን መለየት የሚያስቸግረው ያለ ምክንያት አይደለም። የቤት ድመት የመጣችው ከዚሁ የዱር ድመት ነው። ቆጵሮስ ውስጥ ከ9,500 ዓመት በፊት ሰውና ድመት አጠገብ ለአጠገብ የተቀበሩበት መቃብር መገኘቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል። ዛሬም ይዳቀላሉ። የሰው መንደር ወደ ዱሩ በተጠጋ ቁጥር የቤቷ ድመት አብራ ትጠጋለች፣ ንጹሑ የዱር ዘርም እየሳሳ ይሄዳል። ለዚህ እንስሳ ከጠመንጃ ይልቅ የሚያሰጋው ይኸው ድቅልና ነው።

ጓደኛዬ ምልክቱን ላለማጥፋት ትንሽ ተከራከረ። «ጋሼ፣ ማን ያውቃል? ይሁን ይበሉን» አላቸው። እሳቸውም «ለፈረንጁ እንደዚህ ብዬ ጉርሻዬን መቀበል አይከብደኝም ነበር። ነገር ግን ሰውየው ነገ እውነተኛውን ሲያይ ምን ሊለኝ ነው?» አሉ። ምልክቱ ተሰረዘ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ደንበኛ እርካታ ስንማር ይህን ጥያቄ የጠየቀን አስተማሪ አላጋጠመኝም። (መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝ።)

በሦስተኛው ጠዋት ጓደኞቼ ተኝተው ቀሩ። ጋይሳይ የሄድነው እኔና አስጎብኚያችን ብቻ ነን። ጭጋጉ ገና አልለቀቀም። እሳቸው ክንዴን ነካ አደረጉኝ። ሣሩ ላይ ሁለት ጆሮዎች ብቻ ይታያሉ፣ ጀርባቸው ጥቁር ሆኖ መሐሉ ላይ ነጭ ነቁጥ አለው። አንዱ ጆሮ ወደ እኛ ዞረ፣ ከዚያ ተመለሰ። ከዚያ ወርቃማ፣ ነጠብጣብ ያለበት አካል ከሣሩ ወደ ላይ ተወረወረና ጠፋ። ያዘ አልያዘ አላውቅም። ካሜራው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ፓኬጁን እንደገና ጻፍኩት። «አነርን የሚያሳይ» የሚለው ወጥቶ «በአነር አገር ሦስት ጠዋት» የሚል ገባ። ቡድኑ ከአራት ሰው እንዳይበልጥ፣ መኪናውም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሞተሩን አጥፍቶ እንዲቆም ጨመርኩበት። እንግዳው ላያይ እንደሚችልም መጀመሪያው ገጽ ላይ አሰፈርኩ። ኮርሱን የሚሰጡን መምህር «ይህ ይሸጣል ትያለሽ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ ገና እየተነጋገርንበት ነው። ጓደኞቼ ደግሞ አይቻለሁ ስላቸው እስካሁን አላመኑኝም። ዝርዝራችን ላይ ከአነር ፊት ለፊት ያለው የጥያቄ ምልክት ነው።