የሳይኮሎጂ ተማሪ ምን ይማራል? ምንስ አይችልም?

ከክፍላችን ተማሪዎች አንዱ በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ የሚማረውን ትምህርት ሲናገር የሚሰማው መልስ ዘወትር ከሁለት አንዱ ነው። «እስቲ አሁን የማስበውን ንገረኝ» የሚል አለ፤ «ከዚህ ሰው ፊት ዞር በሉ፤ ያነባችኋል» የሚልም አለ። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዘመዶቻችን «የአእምሮ ሐኪም ልትሆን ነው አሉ» ይሉና መልሳችንን ሳይጠብቁ እንቅልፍ ያጣ የጎረቤት ልጅ ይዘው ይመጣሉ። እኛም ሐሳብ የማናነብ፤ መድኃኒትም የማናዝዝ መሆናችንን ስንናገር ብንውል የሚያምነን አላገኘንም። ስለዚህ ምን እንደምንማር፤ ይልቁንም ምን እንደማንችል፤ በዚህ መጽሔት ላይ ለጓደኞቻችን ለመግለጥ አሰብን። ለዚህ ያነሣሣን አንድ የደረሰብን ነገርም አለ፤ እርሱን ወደ ኋላ እናወሳዋለን።

ሳይኮሎጂ የሰውን አስተሳሰብ፤ ስሜትና ጠባይ የሚመረምር ትምህርት ነው። ስለ ነፍስና ስለ ልብ መጠየቅ በየአገሩ ጥንታዊ ነገር ነው። ሆኖም ጥያቄው በሙከራና በመለኪያ መመርመር የጀመረበት ጊዜ ሲነገር፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ጀርመናዊው ዊልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በላይፕሲግ ያቋቋመው ላቦራቶሪ ነው። የእኛ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግን በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋሕደው ነው። እንግዲህ በዚህ ግቢ ውስጥ ቡናን የሚመረምረውና የሰውን አካል የሚመረምረው ቀድመው ነበሩ፤ ስለ ሰው ጠባይ የምንጠይቀው እኛ ዘግይተን የመጣን እንግዶች ነን ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ ጠቅላላ ሳይኮሎጂ እንዲወስድ ስለ ተደረገ ትምህርቱን የማይቀምስ የለም። ቅምሻው ግን ያታልላል። የፓቭሎቭ ውሻ ምራቅና የፍሮይድ ሕልም ደስ ያሰኛሉ፤ ይህን ያየ ተማሪ «እኔም ይህን ልማር» ብሎ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ስታቲስቲክስ ነው። ከመካከላችን ሒሳብ ሸሽተው ወደ አርት ፋኩልቲ የመጡ ጥቂት አይደሉም፤ እነርሱን ሒሳቡ ተከትሎ እዚህ ድረስ መጥቶ ያዛቸው።

ስታቲስቲክስ ለምን አስፈለገ ቢባል፤ ከግቢያችን የማይጠፋ አንድ ምሳሌ እናንሣ። በፈተና ሰሞን ጫት የሚቅሙ ተማሪዎች ይበዛሉ። አንድ ሰው ተማሪዎችን ጠይቆ «አብዝተው የሚቅሙት ከማይቅሙት ይልቅ ይጨነቃሉ» የሚል ውጤት አገኘ እንበል። ወዲያው «ጫት ጭንቀት ያመጣል» ቢል ቸኩሏል። በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ሰውነትን የሚያነቃ ስለ ሆነ አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቀድሞውኑ የተጨነቀው ሰው ጭንቀቱን ለመርሳት ይቅም ይሆናል። ወይም ደግሞ ፈተናው ራሱ አንድ እጁ ጭንቀትን፤ አንድ እጁ ጫትን ይዞ መጥቶ ይሆናል። እነዚህን ሦስቱን ለመለየት አንድ ጊዜ ጠይቆ መሄድ አይበቃም፤ ያንኑ ሰው በየጊዜው እየተመለሱ ማየት ያስፈልጋል። የጅማ ሊቃውንት ከጀርመን አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ስለ ጫትና ስለ አእምሮ ሕመም ሲያጠኑ ቈይተዋል፤ የቱ ቀደመ የሚለው ጥያቄ ለእነርሱም ቀላል አይደለም። በሻይ ቤት ግን በአንድ ስኒ ማኪያቶ መልስ ያገኛል።

ሁለተኛው ችግር የመጽሐፎቻችን ነው። አርኔት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጽሑፍ ታላላቅ የሚባሉትን የአሜሪካ የሳይኮሎጂ መጽሔቶች መርምሮ፤ ጥናት ከተደረገባቸው ሰዎች 96 በመቶ የሚሆኑት የምዕራባውያን ባለ ኢንዱስትሪ አገሮች ሰዎች መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ መጽሐፉ «ሰው» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ነው፤ ያውም በሌላ አገር ስላለ ተማሪ። ይህን ስንል መጽሐፉን እንጣለው ማለታችን አይደለም። አንዳንዱ ግኝት የትም ቢወስዱት ይሠራል፤ አንዳንዱ ግን እንደ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ሳይለኩ ማወቅ አይቻልም።

መለካቱ ደግሞ የሚጀምረው ከቋንቋ ነው። በአማርኛ ሰው ሲከፋው «ሆዴን ባር ባር አለው» ይላል፤ «ቀልቤ ተገፈፈ» ይላል፤ «ዓለም ጠበበችኝ» ይላል። ይህን ማን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል? በጅማ ዙሪያ ደግሞ ከገጠሩ ሰው ጋር የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው። ጭንቀትን ኦሮምኛው «ዺጲና» ይለዋል፤ ቃሉ ከመጥበብ ጋር የተያያዘ ነው። ፈረንጆቹ ለጭንቀት የሚጠቀሙበት ቃልም ከሥሩ ቢፈለግ በላቲን ማነቅና መጨበጥ ከሚለው የመጣ ነው። ሦስት ሩቅ ሕዝቦች አንዱን ስሜት በጥበት መስለውት ስናይ በጣም ተደነቅን፤ መምህራችን ግን ከአንድ ቃል ብዙ እንዳንደመድም መከሩን።

ከምንለማመድባቸው መጠይቆች አንዱ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ነው። 20 ጥያቄዎች አሉት፤ ተጠያቂው ስላለፉት 30 ቀናት «አዎ» ወይም «የለም» ብሎ ይመልሳል። ራስ ምታት አለ ወይ? የምግብ ፍላጎት ቀንሷል ወይ? እጅ ይንቀጠቀጣል ወይ? የመሳሰለው ነው። ይህ መጠይቅ በቡታጅራ አካባቢ በወለዱ እናቶች ላይ ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል፤ ኤድንብራ ላይ ከተዘጋጀው ሌላ መጠይቅ ይልቅ ለአገራችን እናቶች የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ቢሆንም መልሱን መተርጐም ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ቶሎ ይደክምሻል ወይ?» ተብላ በኅዳር ወር የተጠየቀች ሴት ከንጋት ጀምራ ቀይ ቡና ስትለቅም የዋለች ከሆነች፤ «አዎ» ማለቷ የመንፈስ ጭንቀት ነው ወይስ የጀርባ ሕመም? በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የቡናው ገንዘብ አልቆ፤ አዲሱ እህል ሳይደርስ፤ ጎተራው ባዶ ሲሆን ብንጠይቃት መልሷ ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በግልገል ጊቤ አካባቢ ተደርጎ በዚያው እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፤ የቤታቸው ምግብ የማያስተማምን ሰዎች የጭንቀትና የድብርት ምልክት በብዛት እንደሚታይባቸው አመልክቷል። እንዲህ ሲሆን ነገሩ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የጎተራም ጉዳይ ይሆናል።

አሁን የደረሰብንን እንናገር። ባለፈው የለቀማ ወራት ለጥናት ዘዴ ትምህርት ልምምድ አምስት ሆነን ከአጋሮ ወዲያ ወዳለች አንዲት የቡና ከተማ ሄድን። የከተማዋን ስም አንጽፍም፤ የሴትዮዋንም እንዲሁ። መጠይቁን ኦሮምኛ አፍ የፈቱ ሁለት ጓደኞቻችን ተርጉመውት ነበር። ወደ ቤቷ ስንገባ ቡና ተቈልቶ፤ ጎረቤት ተጠርቶ፤ ፈንዲሻ ቀርቦ ቈየን። መጠይቁ በብቸኝነት መጠየቅ እንዳለበት እናውቃለን፤ ግን የቀረበ ቡና ትቶ የሚወጣ የት አለ? አቦሉ ተጠጣ፤ ቶናው ተጠጣ፤ ጎረቤቶቹ ተነሥተው ሲሄዱ ጓደኛችን መጠየቁን ቀጠለ። 17ኛው ጥያቄ ሕይወትን ስለማጥፋት ሐሳብ የሚጠይቅ ነው። ሴትዮዋ ዝግ ባለ ድምፅ «አዎ» አሉ። ጓደኛችን በተማረው መሠረት ምልክቱን አድርጎ ወደ 18ኛው አለፈ፤ «ሁልጊዜ ድካም ይሰማዎታል ወይ?» ሲል ጠየቀ። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፤ «ልጄ፤ ያልሁህን ሰምተሃል?» አሉት።

ሁላችንም እንደ ድንጋይ ቀረን። ከአምስታችን አንድ እንኳ ለዚህ መልስ የተዘጋጀ አልነበረም፤ በአቅራቢያው ማን ዘንድ ሊወሰዱ እንደሚችሉ አስቀድሞ የጠየቀም የለም። ወረቀቱን አስቀምጠን የሚነግሩንን ሁሉ እስኪጨርሱ ሰማናቸው። ሲመሽ እኅታቸው አብረዋቸው እንዲያድሩ ሆነ፤ በማግሥቱ በፈቃዳቸው ከአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ፤ ከዚያም ወደ ጅማ ሄዱ። አሁን ክትትል ላይ መሆናቸውን ሰምተናል። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኛ ነው፤ መጠይቁን እንደ ፈተና ወረቀት ቈጥረነው ነበር።

ከተመለስን በኋላ በክፍል ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን «17ኛው ጥያቄ ይውጣ፤ ያላሰበውን ሰው እናሳስባለን» አልን። መምህራችን ግን ጥናቶች የሚያሳዩት የዚህን ተቃራኒ መሆኑን አስረዱን፤ ስለ ሞት ሐሳብ በአግባቡ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያስገባ፤ እንዲያውም ለብዙ ሰው የሚናገርበትን በር እንደሚከፍትለት። ስለዚህ መውጣት ያለበት ጥያቄው ሳይሆን የእኛ አለመዘጋጀት ነው። ማን እንደሚቀበለን ሳናውቅ ከግቢ መውጣታችን፤ ተጠያቂው ብቻውን የሚሆንበትን ጊዜ አስቀድመን አለመለመናችን፤ ወዴት ማቆም እንዳለብን አለመስማማታችን፤ ስሕተቶቻችን እነዚህ ነበሩ።

እንግዲህ ዲግሪው ምን ያስችላል? የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው በትምህርት ቤት አማካሪ፤ በሠራተኛ አስተዳደር፤ በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ፤ በጥናት ሥራ ሊያገለግል ይችላል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለመመረቅ አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ሕክምና መስጠት ግን ሌላ ነው። በንግግር የሚያክመው የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ባለሙያ ከዚህ በላይ መማር አለበት፤ መድኃኒት የሚያዘው ሳይኪያትሪስት ደግሞ ቀድሞ የሕክምና ዶክተር የሆነ ነው። ለብዙ ዘመን በአገራችን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሲባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ሳይኪያትሪስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ዛሬ ጅማም የራሷ ክሊኒክ አላት። ዘመዶቻችን ያንን እንቅልፍ ያጣ ልጅ ይዘው ሲመጡ እኛ ልናደርግ የሚገባን ቁጭ ብሎ መስማትና የክሊኒኩን መንገድ ማሳየት ነው፤ ልጁ ወደ ጠበል ወይም ወደ ሼኹ ሲሄድ ቈይቶ ከሆነም በዚያ አንሣለቅበትም፤ ሁለቱንም የሚይዝ ብዙ ነው።

ለዘንድሮው ለቀማ መጠይቁን እንደገና እያዘጋጀን ነው። ከ17ኛው ጥያቄ በታች «መልሱ አዎ ከሆነ እርሳሱን አስቀምጥ» የሚል መስመር ገብቷል፤ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ስልክም በየወረቀቱ ራስጌ ተጽፏል። የቀረው ትርጉሙ ነው። ኦሮምኛውን እኛ ስላዘጋጀነው እኛው ልንፈትነው አንችልም፤ መጠይቁን አይቶ የማያውቅ ሰው ወደ አማርኛ መልሶት ከመጀመሪያው ጋር ሊመሳከር ይገባዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ቋንቋ አጥርታችሁ የምትናገሩ የእርሻ፤ የሕግና የሌላም ክፍል ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍላችን ብትመጡ ወረቀቱን እንሰጣችኋለን። ቡናውን እኛ እናፈላለን።