ከሞተር ብስክሌት የተወረሰው የሯጭ መነጽር

አበበ ቢቂላ በ1960 የሮምን ማራቶን ሲጨርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር፤ መንገዱን ያበራለት ችቦ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀን ቢሮጥ ኖሮም መነጽር የሚያደርግ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን የፀሐይ መነጽር ለአብራሪ፣ ለሾፌርና ለፊልም ተዋናይ እንጂ ለሯጭ የሚታሰብ ዕቃ አልነበረም። ከ1937 ጀምሮ ለገበያ የቀረበውን ሬይባን አቪዬተር ያየ ሰው ምክንያቱን ይረዳል፤ ሌንሱ ከባድ ብርጭቆ፣ ፍሬሙ ሽቦ ነው። ላብ ሲነካው አፍንጫ ላይ ቁልቁል ይንሸራተታል።

ለውጡ የመጣው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነው። ጂም ጃናርድ የተባለ አሜሪካዊ በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ በ300 ዶላር ኦክሌይን ሲመሠርት የሚሸጠው የሞተር ብስክሌት እጀታ ላይ የሚገባ ጎማ ነበር። የጎማው ልዩ ጠባይ ሲረጥብ ይበልጥ መያዙ ነው። ኩባንያው በ1980 የሞተረኞች ጎግል ሠራ፤ በ1984 ደግሞ ጎግሉን ወደ መነጽር አቀለለውና ለብስክሌተኞች አቀረበ። ግሬግ ለሞንድ በ1986 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሲሆን መነጽሩም አብሮት ታወቀ። ያ የእጀታ ጎማ በጊዜ ሂደት የመነጽሩ አፍንጫና የጆሮ ማሳረፊያ ላይ ተለጠፈ። በእኔ ግምት እስከ ዛሬ ለሯጭ ከቀረበው ሁሉ ትልቁ ፈጠራ ይኸው ነው። ስለ ሌንስ ቀለም የተነዛው ማስታወቂያ ሁሉ የዚህችን ቁራጭ ጎማ ያህል አልጠቀመንም።

ብስክሌተኛና ሯጭ ግን አንድ አይደሉም። የብስክሌተኛ ጭንቅላት ብዙም አይናወጥም፤ በፍጥነቱ ምክንያትም ከፊት የሚመጣው ነፋስ ሌንሱን ያደርቅለታል። ሯጭ በእያንዳንዱ እርምጃ ይነጥራል፤ ነፋሱ ትንሽ፣ ላቡ ብዙ ነው። ለብስክሌት የተሠራ መነጽር ሯጭ ላይ ሲሆን ይዘላል፣ በእንፋሎትም ይሸፈናል። አምራቾቹ ይህን ልዩነት በቁም ነገር ለመያዝ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ አሁንም የረሱት አሉ።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ ነው። በ1980ዎቹ ለመነጽር በስፋት ሲገባ ሌንስ ቀለለ፤ ቢመታም እንደ ብርጭቆ አይፈረካከስም። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ በባሕርዩ አልትራቫዮሌት ጨረርን ማገዱ ነው። ቀለም የሌለው፣ እንደ ውኃ የጠራ ፖሊካርቦኔት እንኳ ዓይንን ከጨረር ይጠብቃል። ጥቁረት ሌላ፣ ጥበቃ ሌላ ማለት ነው። ይህ ከታወቀ ከአርባ ዓመት በኋላም ገዢው “ጠቆር ያለውን ስጠኝ” ማለቱን አልተወም። ጨረር የማያግድ ጥቁር ሌንስ ግን ከባዶ ዓይን ሊብስ ይችላል፤ በጨለማው የተታለለው ብሌን ስለሚሰፋ ጨረሩ በሰፊው ይገባል።

ከዚያ በኋላ የመጣው በአብዛኛው ፋሽን ነው። በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ የትሪኒዳዱ ሯጭ አቶ ቦልደን (“አቶ” መጠሪያ ስሙ ነው) ጆሮ ላይ የማያርፍ፣ በአናት ላይ ተሻግሮ ጭንቅላትን የሚይዝ መነጽር አድርጎ ብቅ አለ። ግዙፍ ዝንብ ይመስል ነበር። በ100 ሜትር ብር አገኘ፤ መነጽሩ ግን መንገድ ላይ ሲሮጥበት የምናየው ሰው የለም። ሉክሶቲካ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ሬይባንን በ1999፣ ኦክሌይን በ2007 ጠቀለለ፤ ፉክክር የሚመስለው ብዙ ነገር ከዚያ ወዲህ የአንድ ቤት ጉዳይ ሆነ። በ2015 ሎስ አንጀለስ ላይ የተጀመረው ጉደር የማይንሸራተትና የማይነጥር የሯጭ መነጽር በ25 ዶላር ማቅረብ ሲጀምር ነው ዋጋን በተመለከተ ገበያው በእርግጥ የተነቃነቀው። በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ግማሽ ፊት የሚሸፍነው ባለ አንድ ሌንስ መነጽር ከብስክሌት መንደር ተመልሶ መጣ። አቧራና የጎን ብርሃን ይከላከላል፤ በብርድ ማለዳ የእንጦጦን ዳገት በዝግታ ለሚወጣ ሰው ግን ትንፋሹ ሌንሱ ላይ ይቀመጥበታል። ከላይና ከታች የአየር ቀዳዳ የሌለውን አትግዙ።

በ2025 ሜታና ኦክሌይ ካሜራና ድምፅ ማጉያ ያለው የስፖርት መነጽር በ499 ዶላር አወጡ። ለሽርሽር ሯጭ ያስደስት ይሆናል። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ግን በውድድር ሜዳ ቪዲዮ መቅረጫና ስልክ መያዝን ስለሚከለክል ለተወዳዳሪ አይሆንም።

ለእኛ አገር ሯጭ የተለየ ጉዳይ ከፍታው ነው። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። የዓይን ሞራና ከዓይን ነጩ ክፍል ተነሥቶ ወደ ብሌን የሚያድገው ሥጋ ከዚህ ጨረር ጋር ግንኙነት አላቸው። አትሌቶቻችን ጎህ ሲቀድ መውጣታቸው ጥሩ ነው፤ ግን ረጅም ሩጫ የሚያልቀው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ዝቅ ብላ የምትመጣ የጠዋት ፀሐይን ደግሞ ቅንድብም ኮፍያም በቅጡ አይመልሳትም።

እና ምን ይገዛ? በዓለም አቀፉ መለኪያ ሌንሶች ከ0 እስከ 4 ደረጃ አላቸው። ደረጃ 3 ከብርሃኑ ከ8 እስከ 18 በመቶ ብቻ ያሳልፋል፤ ለቀትር ፀሐይ ይሆናል። ደረጃ 4 ለመንዳት የተከለከለ ጨለማ ነው፤ ለሩጫም አያስፈልግም። ማለዳ ጀምሮ ረፋድ ላይ ለሚጨርስ ሰው ደረጃ 2 እመርጣለሁ። እንደ ብርሃኑ የሚጠቁረውና የሚነጣው ሌንስም ጥሩ ነው፤ በብርድ ጊዜ ግን ተመልሶ ለመንጣት ይዘገያል። ድንጋያማ በሆነው የሱሉልታ የአፈር መንገድ ቡናማ ወይም ሮዝ ሌንስ ጉድጓዱን አጉልቶ ያሳያል፤ በአስፋልት ላይ ልዩነቱ እምብዛም ነው። ነጸብራቅ የሚያጠፋው ፖላራይዝድ ሌንስ ለእርጥብ አስፋልት ደግ ቢሆንም የአንዳንድ ሰዓቶችን ስክሪን ያጨልማል።

ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ አጎንብሳችሁ ራሳችሁን ነቅንቁ፣ ዝለሉ፤ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ። ከተንሸራተተ ስሙ ምንም ቢሆን ተዉት። አልትራቫዮሌት ያግዳል ለማለት የሚለጠፈውን “ዩቪ 400” የሚል ተለጣፊ ማንም ያትመዋልና ጨረር መለኪያ ያለው መነጽር ቤት ወስዳችሁ አስለኩት፤ የገዛችሁት ከመርካቶ መደብም ይሁን ከቦሌ ሱቅ።